ቀጠሮም ሥራ ነው



ሁለት ካርድ ይዤ መጥቻለሁ። ከኋላ ላላችሁት ላይታያችሁ ስለሚችል ልግለጻቸው። ይሄኛው የጤና ጣቢያ የቀጠሮ ካርድ ነው። ከመታጠፍ ብዛት መሐሉ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተያይዟል። በየመስመሩ ቀን ተጽፎበታል፤ ከቀኑ ጎን የነርሷ ፊርማ አለ። ይሄኛው ደግሞ ድሃ ቤተሰብ እየሠራ የሚደገፍበት የሴፍቲኔት ፕሮግራም ካርድ ነው። የቤተሰቡ ኃላፊ እናቴ ናት፤ የሚሠራው እኔ ነኝ። በ2011 ዓ.ም. ስድስት ወር ሙሉ ሁለቱ ካርዶች አንድ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ አብረው ኖሩ። አንዱ ግን ስለ ሌላው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እዚህ ያቆመኝ ይሄ ነገር ነው።

ከዚያ በፊት ቶጎ ውጫሌ፣ ድንበሩ ላይ፣ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ቆጣሪ ነበርኩ። ጭነት ሲገባ ሌሊትም ሥራ አለ፤ መስመሩ ሲጠብቅ ሥራ የለም። ውል የሚባል ወረቀት አልነበረኝም። አንድ ቀን «እስክንጠራህ ቤትህ ሁን» ተባልኩ፤ የጠራኝ የለም። ጅጅጋ እናቴ ጋ ተመለስኩ። እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ያን ጊዜ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ምጣዱን ትታዋለች። የሰፈሩ ኮሚቴ ቤታችንን ለሴፍቲኔት ሲመርጥ እኔ በሠራተኛነት ተመዘገብኩ። ሥራው መንገድ ጽዳት ነው። ጠዋት በስም ጥሪ ይጀመራል፤ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ያላለ የዚያ ቀን ክፍያ የለውም።

ሳሉ የጀመረኝ ከዚያ በኋላ ነው። የካራማራን ተራራ ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አቧራውን ከሜዳው ጠርጎ ከተማው ላይ ያፈሰዋል። እኔም አቧራው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሦስት ሳምንት አለፈ። ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል፤ ሱሪዬ ከወገቤ ይወርዳል። ጤና ጣቢያ ሄጄ አክታ ሰጠሁና ውጤቱ መጣ፤ ቲቢ፣ ሶማሊ ጎረቤቶቼ ቃሖ የሚሉት። ነርሷ መድኃኒቱን በእጄ ላይ አድርጋ፣ ውሃ ሰጥታ፣ እስክውጠው ቆማ አየችኝ። «ወላል፣ ወንድሜ፣ ሽንትህ ቀይ ቢሆን እንዳትደነግጥ፤ መድኃኒቱ ነው። ሁለት ወር በየቀኑ እኔ ጋ ትመጣለህ። ከዚያ አራት ወር ይቀርሃል። ቢሻልህም እንዳታቆም፤ እንዲያውም ሲሻልህ ነው የምፈራልህ» አለችኝ። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። የትም ብትሄዱ አንድ ሳንቲም አትከፍሉበትም፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊመሰገንም ይገባል።

የጤና ጣቢያው በር የሚከፈተው ግን እኛ መንገዱን አጋምሰን በምንጠርግበት ሰዓት ነው። እኔም መጥረጊያውን ለጓደኛዬ ሰጥቼ እሄዳለሁ። ወረፋው አንዳንዴ ያጥራል፤ አንዳንዴ ነርሷ ለክትባት ወጥታ እስክትመለስ እጠብቃለሁ። ስመለስ ስሜ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አርፎበታል። የቡድን መሪያችን ክፉ ሰው አልነበረም። ደብተሩን ገልብጦ አሳየኝ። አንዱ ዓምድ «የተገኘ» ይላል፣ ሌላው «ያልተገኘ»። «ሦስተኛ ቦታ ካለ አንተ አሳየኝ፣ እዚያ ልጽፍህ» አለኝ። ሦስተኛ ቦታ አልነበረም። ካርዴን ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። እዚያ ደግሞ «ሥራ መሥራት የማትችል ከሆንክ ማስረጃ አምጣና ከሥራው እናውጣህ፤ የምትችል ከሆንክ ሥራህ ላይ ተገኝ» ተባልኩ። ወደ ነርሷ ተመለስኩ። «መሥራት አትችልም ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትችላለህ። እኔ የምጽፈው በየቀኑ እዚህ መምጣት እንዳለብህ ነው» አለች። እውነቷን ነበር፤ ያንን እውነት የሚቀበል መስኮት ግን አላገኘሁም።

ሦስተኛው ወር ላይ ሳሉ ቆመ፤ ምግብም ተስማማኝ። የወሩ ክፍያ ደግሞ ተቆራርጦ ነበር የደረሰን። እናቴ ምንም አላለችኝም፤ ዱቄቱን ስትሰፍር ግን እጇን አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጤና ጣቢያውን ትቼ መንገዱን መረጥኩ። ዘጠኝ ቀን መድኃኒት ሳልወስድ ሠራሁ፤ ስሜም ዘጠኙን ቀን «የተገኘ» ተባለ።

ያወጣችኝ ጎረቤታችን ናት። የግመል ወተት የምትሸጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ የሚላት ሴት ናት። ነርሷ ስልክ ደውላ አላነሳሁም፤ ነገሩን ለኤዶ ነግራት ኖሮ ማታ በራችን ላይ መጥታ ቆመች። እንደማፍርባት ስለምታውቅ ነርሷ እሷን ነው የላከችብኝ። የስም ጥሪውን ነገር ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና እንዲህ አለች፦ «ወላል፣ ረመዳን እንኳ ለታመመ ሰው ሌላ ቀን ሰጥቶታል። ሲድን ቀዷ ያወጣል። መጥረጊያ ከጾም ይበልጣል?»

ይሄን ጥያቄ ይዤው ኖሬያለሁ። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ዑለማዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ለጾም የታመመ ሰው ቦታ አለው። ግዴታ የለብህም ተብሎ አልተሰረዘም፤ ታመህም ቢሆን ጹም ተብሎም አልተገደደም። በሌሎች ቀናት ይተካዋል። መዳን የማይጠበቅለት ደግሞ ድሃ ያበላል። ይህች ከተማ ለዘመናት የኖረችበት ሕግ በጤነኛውና በአቅመ ቢሱ መሐል ለሚያገግም ሰው የሚሆን ቦታ አዘጋጅቶ ሳለ፣ የክፍያ ደብተራችን ሁለት ዓምድ ብቻ ይዞ ቀርቷል።

ከራሴ ታሪክ ልውጣና ስለ ሀገሪቱ ልናገር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን የለም። በመደበኛ ድርጅት ለሚሠራ ሰው ጡረታ አለ። ከደመወዙ 7 በመቶ እሱ፣ 11 በመቶ አሠሪው ያዋጣሉ፤ ገንዘቡ ግን ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለሞት ነው እንጂ ሥራ ለማጣት አይደለም። ሥራ ላጣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ስንብት ክፍያን አስቀምጧል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለተጨማሪው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ እየታከለ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ ይከፈላል። አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል። ያውም ስንብቱ አዋጁ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች በአንዱ ሲሆን ነው። እንደኔ ያለ ውል የሠራ ሰው ደግሞ መሥራቱን ለማስረዳት እንኳ ምስክር ፍለጋ መዞር አለበት።

በዚሁ አዋጅ ውስጥ ስለ ሕመም ፈቃድ የተጻፈውን አንብቡት። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ ነው፣ ቀጥሎ ያሉት 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። የተለመደው የቲቢ ሕክምናም 6 ወር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና እዩ። ሕመምተኛው ሲደክም ገንዘብ አለ። ሳሉ ቆሞ፣ ሰውነቱ ተመልሶ፣ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ሊጥል በሚቃረብበት ጊዜ ገንዘቡ ያልቃል። ነርሷ «ሲሻልህ ነው የምፈራልህ» ያለችው ያንን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ያቋረጠ ሰው መድኃኒት የለመደ ቲቢ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ያ ደግሞ ሕክምናው የከበደ፣ ለቤተሰብና ለጎረቤት የሚተርፍ ነው።

ድሃ ለሆነ የከተማ ሰው ለሥራ አጥነት ድጋፍ የሚቀርበው ሴፍቲኔት ነው። በገጠር በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ። በከተማ በ2009 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ 300 ሚሊዮን ዶላር ብድርና መንግሥት በመደበው 150 ሚሊዮን ዶላር በ11 ከተሞች ሲጀመር ጅጅጋ ከእነዚያ አንዷ ነበረች። የታቀደው ለ604 ሺህ ሰው ነበር። ከእነዚህ 84 በመቶው እየሠራ የሚከፈለው፣ 16 በመቶው ደግሞ በእርጅና፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰለው ምክንያት ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኘው ነበር። የሚሠራው ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ከክፍያው 20 በመቶ ይቆጥባል፤ በመጨረሻ በቁጠባውና በሥልጠናው የራሱን ሥራ ይዞ ይወጣል ነበር ሐሳቡ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። እናቴ ዛሬ በር ላይ የምትሸጥበት መደብ ከዚያ ቁጠባ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ የምወቅሰው ፕሮግራም እንዳይመስላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ሁለተኛው ምዕራፍ ሲመጣ ከተሞቹ 83 ሆነዋል።

ግን 84 እና 16 ሲደመሩ መቶ ሞሉ። በመሐል የሚቀር ቦታ የለም። ጠዋት የሚሠራ፣ ግን በሳምንት አንድ ቀን ጤና ጣቢያ መገኘት ያለበት ሰው የት ይግባ? በየወሩ መርፌ የሚወጋ፣ በዚያ መርፌ ምክንያት አእምሮው የተረጋጋለት ወጣትስ? በዚህ ከተማ ጫት ትቶ፣ እንቅልፉና ልቡ እስኪመለስለት ባለሙያ ማየት የጀመረ ሰው አውቃለሁ። የቀጠሮው ቀን ከሥራው ቀን ጋር ሲገጥምበት ሁለቱን እያማረጠ ነው የሚኖረው። ለእነዚህ ሰዎች ቀጠሮው ከሥራ የሚያስቀራቸው ነገር አይደለም። ለሥራ የሚያበቃቸው እሱ ነው።

አንዳንድ ሰው «ይሄ የሀብታም ሀገር ወግ ነው» ይለኛል። የሀብታም ሀገር ወግ የሆነበት ምክንያት አለው። እንግሊዝ በ1911 እ.ኤ.አ. የመድን ሕጓን ስታወጣ ሕመምንና ሥራ ማጣትን በአንድ ሕግ ሁለት ክፍሎች አድርጋ ጻፈቻቸው፤ ታሞ ሥራ ያጣ፣ ሥራ አጥቶም የታመመ ሰው አንድ ሰው መሆኑን ያዩ ሰዎች ነበሩ። ለንደን ያሉ ወገኖቻችን ዛሬ የሥራ ፈላጊ ድጋፍ ሲጠይቁ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር በሚፈርሙት ስምምነት ላይ የጤናቸው ሁኔታ ከግምት ይገባላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ቲቢን ለመግታት በነደፈው ስልት፣ በሕመሙ የተነሳ ከዓመት ገቢው 20 በመቶና በላይ የሚያጣ ቤተሰብ እንዳይኖር ግብ አስቀምጧል። መድኃኒቱ ነፃ ሆኖ 20 በመቶው ከየት ይመጣል? ከባጃጅ ሒሳብ፣ ከቀረ የሥራ ቀን፣ ከቀይ እስክሪብቶ ነው የሚመጣው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልገንም። የገጠሩ ሴፍቲኔት ራሱ መልሱን ያውቀዋል። ነፍሰ ጡር ሴት የቅድመ ወሊድ ክትትል ስትጀምር ከጉልበት ሥራው ወጥታ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ትገባለች። ክፍያዋ አይቋረጥም። ከእሷ የሚጠበቀው ክትትሏን መከታተል፣ ሕፃኑን ማስመዘን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በምትሰጠው ትምህርት ላይ መገኘት ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የምታስታምም እናትም እንዲሁ። ምን ማለት ነው? መንግሥት ለእሷ ቀጠሮውን ሥራ አድርጎ ቆጥሮላታል፤ ደብተሩ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ተሰምሮላታል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። የከተማው ሴፍቲኔት ሠራተኞች ሥራ ላይ ሳይወጡ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ እንዲሰጣቸው ተደርጓል። ለምን ተቻለ? ሰው ሥራ ወጥቶ ሕመም ከሚያስተላልፍ ቤት ተቀምጦ ቢጠነቀቅ ለሀገር ይበጃል ስለተባለ። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አክታዬ ገና ሳይጠራ፣ ከሃያ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ መንገድ ስጠርግ ነበር። ለእነዚያ ሃያ ሰዎች ቤት መቀመጤ አይበጅም ነበር?

ስለ ቃራን፣ ሶማሊ ለተቸገረ ስለሚያዋጣው መዋጮ፣ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይህን ሕዝብ አላወቅሁትም ማለት ነው። ሶማሊ ወገኑ ሲወድቅ ይሰበሰባል። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ስልክ ይደዋወላል። ከአዲስ አበባ፣ ከሐርጌሳ፣ ከሚኒሶታ ገንዘብ ይመጣል። ለቀዶ ሕክምና፣ ለመኪና አደጋ፣ ለደም ካሳ በአንድ ሌሊት የሚሰበሰበውን አይቼ ተደንቄያለሁ። ከጎሳቸው ያልሆንኩትን እኔን ሳይቀር ኤዶ ወተት ሳታስከፍል ስድስት ወር አጠጥታኛለች። ግን ቃራን የሚወጣው ለአንድ ትልቅ ቀን ነው። ለሁለት ወር የባጃጅ መመላለሻ፣ ለሃያ አራት የጎደለ የሥራ ቀን ቃራን ልጥራ የሚል ሰው የለም፤ ያፍራል። በዚያ ላይ ቃሖ ስሙ የሚደበቅ ሕመም ነው። የልጁን ጋብቻ ያስባል፣ የእህቱን ያስባል፣ ዝም ይላል። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ የሚያስፈልገው ስሙን ሳያስጠራ የሚሠራ ሥርዓት ነው።

ከሲቲ ዞን ለመጣችሁ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ሽንሌ ያለ ሰው ድሬዳዋ ቅርቡ ናት፤ ድል ጮራ ሆስፒታል ደርሶ ይመለሳል። ከሐዲጋላ፣ ከዓይሻ፣ ከደወሌ የሚመጣ ሰው ግን አንድ ቀጠሮ ሁለት ቀን ይበላዋል፤ ደርሶ ሲያድር የሚያድርበት ዘመድ ከሌለው ሦስት። ዝናብ ተከትሎ ግመሎቹን ይዞ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን ሲደርስ የት እንደሚሆን አያውቅም። ለእሱ የቀጠሮ ቀን ሲቆጠር መንገዱም አብሮ መቆጠር አለበት።

ይሄ ለእኛ አዲስ ነገርም አይደለም። ከጅጅጋ ወደ ሐረር ስትሄዱ ባቢሌን አልፋችሁ ቢሲዲሞን ታገኛላችሁ። ብዙዎቻችን ከመኪና መስኮት አይተናት እናልፋለን። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጀርመኖች እርዳታ የተቋቋመች ናት። ስታከም አንድ ቀን እዚያ ሄጄ ከአንድ ሽማግሌ ጋር አወራሁ። ያን ዘመን በልጅነታቸው ያሳለፉ ናቸው። «እኛ ለመድኃኒት የመጣን ቀን ሥራ ቀርታችኋል ያለን አልነበረም። ሰው ሲድን አብሮ ማረስ ይጀምራል፤ እስኪድን ይበላል» አሉኝ። ጣቶቻቸው አጥረዋል፤ ቡናውን በሁለት መዳፍ ይዘው ነበር የሚጠጡት።

አሁን የምጠይቀውን ልንገራችሁ። ከበጀት በፊት ወረቀት ነው የምጠይቀው። የቀበሌ ባለሙያዎች፣ በስም ጥሪ ደብተራችሁ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ «በሕክምና ቀጠሮ» ይበል። ጤና ጣቢያዎች፣ ሕመምተኛው በመጣበት ቀን ከቀኑ ጎን ማኅተም ምቱ፤ የበሽታውን ስም አትጻፉ፣ መምጣቱን ብቻ። ማኅተም ያለበት ቀን እንደ ሥራ ቀን ይቆጠር። ይሄ ዛሬ አይቻልም ከተባለ ደግሞ የኤዶን ፍርድ ተቀበሉ፤ ሰውየው ሲድን በሌላ ቀን ቀዷውን ያውጣ፣ እስከዚያው ግን ክፍያው አይቆረጥ። አክታው ገና ያልጠራለት ሰው እንደ ነፍሰ ጡሯ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ይግባ፤ ሲጠራለት ወደ ሥራው ይመለስ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት እንዲንከባከብ፣ ለሥራ አጦችም የሥራ ዕድል እንዲያሰፋ ተጽፏል። የሚያገግም ሥራ አጥም ከዚህ ሐሳብ ውጭ ሊሆን አይገባም።

ያን ማታ ኤዶ ከሄደች በኋላ እናቴ መብራቱን አጥፍታ «ነገ ጠዋት መጀመሪያ መድኃኒቱ ጋ ሂድ። ስምህን እኔ ሄጄ እሰማልሃለሁ» አለችኝ። በዚያ ጉልበቷ፣ ክራንቿን ይዛ፣ በማግሥቱ ጠዋት ስም ጥሪው ቦታ ሄደች። የቡድን መሪው ስሜን ሲጠራ እሷ «አቤት» አለች። ሰውየው ቀና ብሎ አያት። መጥረጊያው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር፤ አነሳችው። እሱ ከእጇ ተቀብሏት፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጧት፣ የእኔን ድርሻ ራሱ ጠረገ። በደብተሩ ላይ ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። የዚያ ወር ክፍያ ግን ሙሉ ነበር፤ ካርዱም ይኸው፣ በስድስተኛው ወር መጨረሻ «ድኗል» ተብሎ ተፈርሞበታል።